እህሉ መጣ፣ ሙያው ቀረ

ሜክሲኮ ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚመጣብን አዲስ አበባ ያለው አደባባይ ነው። ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች፤ በዋና ከተማዋም ኢትዮጵያ የሚባል የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ። ቅርበታችን ግን በስም ብቻ አያበቃም፤ ከወልዲያ ወደ መርሳ ሲያልፍ ሲሪንቃ ላይ ምሳውን የሚበላ መንገደኛ የሜክሲኮዎች ገበታ ላይ ቢቀርብ ብዙውን ነገር ያውቀዋል።

ቤተሰብ የሚያስተዳድረውን ትንሽ ምግብ ቤት ፎንዳ ይሉታል። አብዛኛውን ጊዜ ምድጃው የእናት ወይም የአያት ነው፤ ልጆች ያስተናግዳሉ። ዋናው ማዕድ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ነው። ሾርባ ይቀድማል፣ ሩዝ ይከተላል፣ ከዚያ ወጡ ከቦሎቄ ጋር ይመጣል፤ ሂሳቡ ለሁሉም አንድ ነው። በጨርቅ ተጠቅልላ ትኩሷን የምትቀርበው ቶርቲያ፣ ስስ የበቆሎ ቂጣ፣ ከገበታው አትጠፋም።

የቤቱ ሙያ ያለው እዚህ ቂጣ ላይ ነው። በቆሎው በቀጥታ ወፍጮ አይገባም። ኖራ በተበጠበጠበት ውኃ ይቀቀልና እዚያው ያድራል። ጠዋት ሲታሽ ገለፈቱ ይለቃል፤ ታጥቦ እርጥቡን ይፈጫል፣ ሳይቦካ ተጠፍጥፎ ምጣድ ላይ ይጋገራል። እንዲህ በኖራ የተዘጋጀው በቆሎ ኒሽታማል ይባላል። ኖራው ሊጡ እንዳይፈራርስ ያያይዘዋል፤ በቆሎው ውስጥ ታስሮ የሚቀረውን ናያሲን የተባለ ቫይታሚንም ይፈታል። በቆሎ አውሮፓ ሲሻገር ይህ ሙያ አልተከተለውም። እ.ኤ.አ. ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በስፔንና በጣሊያን ከበቆሎ ሌላ የሚቀምሱት ያልነበራቸው ድሆች በፔላግራ ተሠቃዩ፤ ቆዳ የሚልጥ፣ አእምሮ የሚያውክ፣ ሲብስም የሚገድል በሽታ ነው።

እኛም ዘንድ የደረሰው እህሉ ብቻ ነው። በቆሎው፣ በርበሬው፣ ቦሎቄው፣ ቲማቲሙ፣ በለሱ ሳይቀር ከዚያ ወገን የመጡ ናቸው። ከበለስ እኛ ፍሬውን እንበላለን፤ እነሱ ለጋ ቅጠሉንም እሾኹን ፍቀው ይጠብሱታል። ለሰርግ የሚሠሩት ሞሌ ደግሞ ልዩ ልዩ ደረቅ በርበሬ ከቅመምና ከለውዝ ጋር፣ በፑብላ ከተማ አሠራር ቸኮሌትም ታክሎበት፣ ተፈጭቶ የሚበስል ወጥ ነው። ዶሮ ወጥ የሠራች ሴት ድካሙን ሳይነግሯት ታውቀዋለች።

ከእኛ ወገን የሄደም አለ። በፎንዳ ከምግቡ ጋር የሚቀርበው ቀይ ጎምዛዛ መጠጥ ከርከዴ ነው፤ ተክሉ ከአፍሪካ የተሻገረ ነው። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ዝርያዎቹን ሲያሻሽል የኖረው ማሽላም በሆንዱራስና በኤልሳልቫዶር ደረቅ አካባቢዎች እንደ በቆሎው በኖራ ውኃ ተቀቅሎ ቶርቲያ ይሆናል። ሲሪንቃ ባለችበት በሐብሩ ወረዳ በቆሎና ማሽላ ላይ ይህ ሙያ ቢሞከር ምንኛ ደስ ባለኝ! ለ1 ኪሎ እህል 10 ግራም ያህል ኖራ ይበቃል፤ እሱም ለምግብ ተብሎ የተዘጋጀው እንጂ ግድግዳ የሚቀባው አይደለም።