ግብዝ ማን ነው?

አሶሳ ውስጥ ልጄን እንግሊዝኛ ሳስጠና ከትርጉም ይልቅ የቃላት ክብደት ያስቸግረኛል። «ፕሪቴንድ» ማስመሰል ነው፤ ልጆች ዕቃቃ ሲጫወቱም ይባላል፤ ነውር የለበትም። «ሂፖክሪት» ግን ግብዝ ነው፤ የግሪክ መነሻው የመድረክ ተዋናይ ማለት ነው።

ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ግብዙን በዐረብኛ «ሙናፊቅ» ይሉታል። ቃሉ ከግዕዙ «መናፍቅ» እንደተወሰደ የሚያምኑ የቋንቋ ምሁራን አሉ። በአማርኛ ግን መናፍቅ ከእምነት ያፈነገጠ ነው። አንድ የሚመስል ቃል በሁለት ጎረቤታሞች ጆሮ ሁለት ስድብ ይሆናል።

ስለዚህ ልጄን ቃሉን ሰው ላይ ከመለጠፉ በፊት ሐሳቡን እንዲመረምር እነግረዋለሁ። እየራበው በይሉኝታ «በልቻለሁ» የሚል እንግዳ ግብዝ አይደለም፤ ያፍራል እንጂ አያታልልም። ግብዝ ፊት ለፊት አሞግሶ ዞር ሲሉ የሚያማ ነው።