ከቆሼ ክምር ሥር የተቀበረው ዕዳ

በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የሚጠራው ሰፈር፣ መዲናይቱ ከዐይኗ እንዲርቅላት የፈለገችውን ሁሉ ወስዳ ስታኖርበት የቆየ ስፍራ ነው። አስቀድሞ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከሰው ተለይተው የሚታከሙበት ሆስፒታል ተሠራበት፤ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ ሁሉም «አለርት» እያለ የሚጠራው የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል በዚያው ተቋቋመ፤ ከደዌያቸው የተፈወሱትም ሕሙማን፣ ወደ ወጡበት አገር ቢመለሱ ዘመድ አዝማድ እንደማይቀበላቸው ስላወቁ፣ በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው፣ ወልደውና ተዋልደው ቀሩ። በዚያው ዘመን የከተማው ጥራጊ ከሰፈሩ አጠገብ በሚገኘው በሬጲ መስክ ይደፋ ጀመርና፣ ሕዝቡ «ቆሼ» የሚል ስም ያወጣለት ያ መስክ ግማሽ ምዕት ዓመት ባለፈ ጊዜ ውስጥ ኮረብታ ሆነ።

ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ያ ኮረብታ ተንዶ በእግሩ ሥር በላስቲክና በጭቃ ቤት ተጠግተው ይኖሩ ከነበሩት ወገኖች ከ110 በላይ የሚሆኑትን፣ ብዙዎቹን ሴቶችና ሕፃናትን፣ ቀበራቸው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ዐወጀ። በዚያ ሰሞን የተደረገውን ልቅሶና የተሰበሰበውን ምጽዋት ማንም ሊነቅፈው አይገባም፤ ሆኖም ሐዘኑ ካለፈ በኋላ መመርመር የነበረበት፣ እስከ ዛሬም በቅጡ ያልተመረመረው ጥያቄ የሒሳብ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ቆሻሻን በዚያ ስፍራ መከመር ለዚያን ያህል ዘመን ርካሽ ሊሆን የቻለው እንዴት ነው? የሚል ነው።

በከተማችን የቆሻሻ ማንሻ ዋጋ ለብዙ ዓመታት ከውሃ ሒሳብ ጋር ተዳምሮ ሲከፈል ቆይቷል። የሚከፈለውም ገንዘብ ጥራጊውን ከደጃፋችን ለሚያነሡት ማኅበራትና ለሚያጓጉዙት መኪናዎች የሚውል ነው፤ መኪናው ቆሼ ደርሶ ከገለበጠ በኋላ ለሚሆነው ነገር፣ ማለትም ለሚበከለው ወንዝ፣ ለሚታፈነው ሳንባ፣ ለሚናደው ክምር፣ ዋጋ የቆረጠ የለም። ዋጋ ስላልተቆረጠለትም ወጪው የለም ማለት አይደለም፤ የዘነበወርቅ ነዋሪ በጤናው፣ በመጨረሻም በነፍሱ ከፍሎታል። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አርተር ፒጉ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው መጽሐፍ የመረመረው ችግር ይኸው ነበር፤ አምራቹ ትርፉን ለራሱ እየያዘ ጉዳቱን ለጎረቤቱ የሚያሸክም ሲሆን ገበያው እውነተኛውን ዋጋ ሊናገር ስለማይችል፣ መንግሥት በጉዳቱ ልክ ግብር ጥሎ ወጪውን ወደ ባለቤቱ መዝገብ መመለስ ይገባዋል አለ። መቶ ዓመት ያለፈው ይህ ትምህርት በየዩኒቨርሲቲው ይሰጣል፤ በሥራ ላይ የሚውለው ግን ከፋዩ ደካማ፣ ተቀባዩ ብርቱ በሆነበት ቦታ ብቻ ይመስላል።

ቆሼ የሰፈር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን ክምሩ በውስጡ የሚያደርገውን ማወቅ ያስፈልጋል። የአዲስ አበባ ጥራጊ አብዛኛው የምግብ ትራፊና የአትክልት ልጣጭ፣ እርጥበት የበዛበት ነገር ነው፤ ይህም በላዩ ሌላ ጥራጊ እየተጫነበት አየር ሲያጣ፣ አፉ በጭቃ እንደ ተመረገ የጠላ ጋን በውስጡ እየፈላ ሜቴን የተባለውን ጋዝ ያወጣል። ሜቴን በሃያ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሲለካ ምድርን በማሞቅ ረገድ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሰማንያ እጥፍ ያህል ይበረታል። እንግዲህ ከዘነበወርቅ ራስጌ የሚወጣው ትንፋሽ ቦረናንም ይደርሳል፣ ዓለምንም ያዳርሳል ማለት ነው።

ይህን ብዬ ግን የድሃውን አገር ጥፋት አግንኖ የባለጸጋውን ለሚያሳንስ ሰው ምስክር ለመሆን አልፈልግም። አንድ ኢትዮጵያዊ በዓመት ወደ አየር የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአማካይ የአንድ ቶን አንድ አምስተኛ አይሞላም፤ የአንድ አሜሪካዊ ወደ ዐሥራ አራት ቶን ይጠጋል። ኦክስፋም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት፣ በዓለም ላይ ካሉት ሰዎች ከመቶው አንዱ፣ እጅግ ባለጸጋው፣ የሚለቀው ጢስ ከታችኞቹ ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም ከአምስት ቢሊዮን ሰዎች ጢስ ጋር እኩል መሆኑ ተመልክቷል። ሀብት ሲከማች በአንድ እጅ የሚከማቸው ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ሰማዩን እንደ ግል ርስት የመጠቀም መብትም አብሮ ይከማቻል፤ ዕዳው ግን ወደ ታች ይወርዳል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው በምሥራቅ አፍሪካ ሲከዱ፣ የቦረናና የሶማሌ አርብቶ አደር ከብቱ በደጁ ሲያልቅበት፣ ወርልድ ዌዘር አትሪቡሽን የተባለው የሳይንቲስቶች ማኅበር መርምሮ፣ በሰው ሥራ የመጣው ሙቀት ያን ድርቅ የመከሠት ዕድሉን ቢያንስ መቶ እጥፍ እንዳበዛው አስረድቷል። ላሟ የሞተችበት አባወራ ግን ካሣ እንዲጠይቅ የሚሄድበት ችሎት አልነበረውም።

በዚህ መካከል የአየር ንብረት ለውጥ ውሸት ነው፣ ወይም የሰው እጅ የለበትም የሚሉ ድምፆች በየጊዜው ይሰማሉ፤ አንዳንዱ የአገራችን ሰውም ይህንኑ ቃል እየተቀበለ ሲያስተጋባ አገኛለሁ። ስለዚህ የቃሉ ምንጭ ከየት እንደ ሆነ ሊታወቅ ይገባል። የኤክሶን የነዳጅ ኩባንያ ሳይንቲስት ጄምስ ብላክ እ.ኤ.አ. በ1977 ለአለቆቹ ቀርቦ፣ የነዳጅ ጢስ የምድርን ሙቀት ከፍ እንደሚያደርግ አስረድቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣው ምርመራ እንዳረጋገጠውም፣ የኩባንያው ሊቃውንት ስለ መጪው ሙቀት ካሰሉት ስሌት ከ63 እስከ 83 በመቶ የሚሆነው ኋላ ከደረሰው ጋር የተስማማ ነበር። እውነቱ በቤት ውስጥ እንዲህ በጥንቃቄ ተሰልቶ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ታላላቅ የነዳጅ፣ የድንጋይ ከሰልና የመኪና ኩባንያዎች ግሎባል ክላይሜት ኮአሊሽን የሚባል ማኅበር አቁመው፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2002 ድረስ በሕዝብ ፊት ጥርጣሬ ሲዘሩ ኖሩ። ይህን ክሕደት ካለማወቅ የመጣ ስሕተት አድርጎ የሚቆጥር ሰው ነገሩን ከሥሩ አላየውም። የተካደው ሳይንሱ ከመሆኑ በፊት ዕዳው ነው፤ ሙቀቱን የሰው ሥራ ነው ብሎ ማመን ዋጋውን ከመዝገቡ ላይ ማስፈርን ስለሚያስከትል፣ መዝገቡ ንጹሕ ሆኖ እንዲቆይ ሳይንሱ ተሠዋ።

የእኛም ሊቃውንት ነዌ ብለው የሚጠሩት የወንጌሉ ባለጸጋ አልዓዛርን በበትር እንዳልመታው፣ ኩነኔውም በደጁ የወደቀውን እንዳላየ ሆኖ በማለፉ እንደ መጣበት ያስተምራሉ። ዛሬ አለማየት ራሱ በጀት ተመድቦለት፣ የሕግ አማካሪና የማስታወቂያ ባለሙያ ተቀጥሮለት የሚሠራ ሥራ ሆኗል። በአነስተኛ መጠን ደግሞ በእኛም ዘንድ አለ፤ የቆሼን መናድ «ድንገተኛ አደጋ» ብሎ መጥራት፣ የሰውን ሥራ በፈጣሪ ማሳበብ፣ ከዚያው የክሕደት ወገን ነው። በ2008 ዓ.ም. ቆሼን ይተካል ተብሎ በሰንዳፋ የተሠራው ማስወገጃ፣ መሬታቸው የተወሰደባቸውና ብክለት ያሠጋቸው ገበሬዎች ተቃውመውት በጥቂት ወራት ውስጥ ሲዘጋ፣ መኪናዎቹ ተመልሰው በዚያው በጠገበው ክምር ላይ ጨመሩበት። ሸክም ሲጨመርበት ክምር እንደሚናድ ማን አላወቀም?

ከዚያ በኋላ የመጣው ታላቅ ተስፋ የሬጲው የኃይል ማመንጫ ነው። ካምብሪጅ ኢንዱስትሪስ የተባለው ኩባንያና አንድ የቻይና የኤሌክትሪክ ሥራ ኩባንያ ወደ 120 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ወጪ የሠሩት ይህ ጣቢያ ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት ሙላቱ ተሾመ ተመርቋል፤ በቀን 1,400 ቶን፣ ይኸውም ከከተማው ጥራጊ 80 በመቶውን ያህል አቃጥሎ ብርሃን ያደርገዋል ተብሎም ነበር። በአፍሪካ የመጀመሪያው በመሆኑ መኩራት ተገቢ ነው። ነገር ግን በተባለው መጠን እንዳይሠራ የሚያስቸግረው ነገር ከመጀመሪያው የታወቀ ነበር፤ አውሮፓ ውስጥ እንዲህ ያለው ምድጃ የሚነደው ደረቅ ወረቀትና ፕላስቲክ በበዛበት ጥራጊ ነው፤ የእኛ ጥራጊ ውሃ የጠጣ ልጣጭ ነውና፣ ከሚሰጠው ሙቀት ብዙው ያንኑ ውሃ በማትነን ይጠፋል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምለምነው ነገር አለ። ምድጃው በደንብ ሊነድለት የሚሻው ፕላስቲክ፣ የቆሼ ለቃሚ ልጁን የሚያበላበት ፕላስቲክ ነው። ለቃሚው በጠዋት ወጥቶ ሀይላንዱን፣ ብረቱን፣ ካርቶኑን ለይቶ ለሰብሳቢ ይሸጣል፤ ከሰብሳቢው ወደ ምናለሽ ተራ ወይም ወደ ፕላስቲክ ፈጪው ይደርሳል። ይህ ሰው ያለ ደመወዝ፣ ያለ ጓንት፣ ያለ ጡረታ የከተማውን ሥራ ይሠራል፤ በማንኛውም የሥራ መዝገብ ግን ስሙ የለም። ፕላስቲኩ ቢቃጠል የእርሱ እንጀራ ይቃጠላል፤ ፕላስቲክም ከነዳጅ የተሠራ ስለሆነ ያው የነዳጅ ጢስ ወደ ሰማይ ይወጣል። ርጥቡን ጥራጊ ከየቤቱ ለይቶ ወደ ማዳበሪያ መለወጥ፣ ደረቁንም ለለቃሚዎች ማኅበር መስጠት ከምድጃው በጣም የሚያንስ ገንዘብ በጠየቀ ነበር። ከአደጋው በኋላ ዩኤን ሀቢታት በጃፓን እርዳታ በቆሼ ያስገባው የፉኩኦካ ዘዴ፣ ይኸውም በክምሩ ውስጥ የተበሳ ቱቦና ድንጋይ አስቀምጦ አየር እንዲገባበት የማድረግ ብልሃት፣ ሜቴንን የሚቀንሰው በቀላል መሣሪያ ነው። ርካሹ መድኃኒት ሪባን የሚቆረጥበት ስለማይሆን ብዙ ወዳጅ የለውም።

ስለ ሀይላንዱ ደግሞ ይህን ልጨምር። ቢራና ለስላሳ መጠጥ በጠርሙስ ብቻ በሚሸጥበት ዘመን፣ ባለሱቁም ጠጪውም ለጠርሙሱና ለሳጥኑ መያዣ ያስይዝ ነበር፤ ዛሬም በጠርሙስ ለሚሸጠው ሥርዓቱ አልቀረም። ጠርሙሱ ዋጋ ያለው ንብረት በመሆኑ ፋብሪካው ራሱ መኪና ልኮ ይሰበስበዋል፣ አጥቦም መልሶ ይሞላዋል፤ ስለዚህ ቆሼ ላይ ባዶ የቢራ ጠርሙስ ተከምሮ ያየ የለም። የለስላሳ መጠጥ ኩባንያዎች ወደ ፕላስቲክ ሲዞሩ ማጠቢያውንም፣ መመለሻ መኪናውንም፣ መጋዘኑንም ከወጪያቸው አወጡ፤ ይህም በሒሳብ መግለጫቸው የብልጠት ትርፍ ሆኖ ታየ። የወጣው ወጪ ግን አልጠፋም፤ ወደ ዘነበወርቅ ተዛወረ። ምክር ቤታችን በሰኔ 2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል፤ ደግ ሥራ ነው፤ ግን ሕጉ ፌስታል አንጠልጥላ ከጉልት የምትመለሰውን እናት ከመያዙ አስቀድሞ፣ በየቀኑ የፕላስቲክ ጠርሙስ በገፍ የሚያወጣውን ፋብሪካ ቢይዝ ወደ ርትዕ የቀረበ በሆነ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2027 ሠላሳ ሁለተኛው የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ በአዲስ አበባ ይደረጋል። መንግሥታችን ከባለጸጎቹ አገሮች ካሣ መጠየቁ መብቱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በሻርም ኤል ሼክ ስምምነት የተደረሰበት የጉዳት ካሣ ገንዘብ ሊሰጠን የሚገባ እንጂ የሚመጸወተን አይደለም። ሙግታችን እንዲጸና ግን ያንኑ ሕግ በራሳችን ደጅ ልንፈጽመው ያስፈልጋል፤ በታላላቆቹ ኩባንያዎች ላይ የምንጠይቀውን በራሳችን ከተማና በራሳችን አምራቾች ላይ ካልጠየቅን ክርክራችን ጎዶሎ ይሆናል። ስለዚህ ከጉባኤው በፊት ሦስት ነገር ቢደረግ እላለሁ። የሬጲ ጣቢያ ውል፣ ወጪውና በየዓመቱ ያመነጨው ኃይል ለሕዝብ ይገለጥ። በእያንዳንዱ የፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ እንደ ጥንቱ መያዣ ይጣል፣ ባዶውንም ላመጣ ለቃሚ መያዣው በእጁ ይከፈለው። ሳይመለስ ከቀረው መያዣ የሚተርፈው ገንዘብም በፋብሪካዎቹ ትርፍ ውስጥ እንዳይገባ ተለይቶ፣ በቆሼ ዙሪያ ለሚኖሩት ለቃሚዎች የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን መዋጮ ይዋል፤ አስተዳደሩም የለቃሚዎቹን ስም በመዝገብ ማስፈር ከዚሁ ይጀምር።