ለምዱና ቡጢው፦ አራዊትን የመሰለ የውጊያ ጥበብ አመጣጥ



ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከአካባቢው ገጠር የመጣችሁ ሁሉ በምታውቁት ነገር ልጀምር። ሚያዝያ 27 ቀን የአርበኞች መታሰቢያ ሲከበር በዕድሜ የገፉ አባቶች ጎፈር ደፍተው፣ ለምድ ደርበው፣ ጦርና ጋሻ ይዘው ይወጣሉ። ሽለላው ሲሞቅ አንዱ ብድግ ይልና ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ ይፎክራል፤ ራሱንም አንበሳ፣ ነብር እያለ ይጠራል። ሰው የአውሬን መልክ ይዞ ወደ ውጊያ መግባቱ ከወዴት መጣ? ስለ አመጣጡ የሚነገረውን ትረካስ በምን መመዘኛ እንመርምር? የዛሬው ንግግሬ ስለ እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ነው።

ነገሩን ለማየት ብዙ የተጻፈ ማስረጃ ወዳለበት ወደ ቻይና እንሻገር። በዚያ አገር አራዊትን መምሰል ጥንታዊ ነው፤ ይሁን እንጂ ቀደምቶቹ ማስረጃዎች የሚናገሩት ስለ ጤና ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በሁናን ግዛት፣ ማዋንግዱይ በተባለ ስፍራ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 ዓመት ከተዘጋ መቃብር ውስጥ የ44 ሰዎች ምስል የተሳለበት ሐር ተገኝቷል። ሰዎቹ አካላቸውን ሲያፍታቱ ይታያሉ፤ ከእንቅስቃሴዎቹም አንዳንዶቹ በአራዊትና በአዕዋፍ ስም ተጠርተዋል። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግድም የሞተው ሐኪም ኋ ቱዎም የታይገርን፣ የአጋዘንን፣ የድብን፣ የጦጣንና የወፍን እንቅስቃሴ የሚከተል «የአምስቱ አራዊት ጨዋታ» ለደቀ መዝሙሩ ለዉ ፑ እንዳስተማረ፣ በዚያው ክፍለ ዘመን የኖረው ታሪክ ጸሐፊ ቸን ሾው መዝግቧል። ዓላማው በሽታን መከላከልና ሰውነትን ማበርታት ነበር።

የውጊያ መጽሐፍ ስንፈልግ ወደ 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንወርዳለን። የባሕር ወንበዴዎችን የወጋው የጦር አለቃ ቺ ጂጓንግ 32 የባዶ እጅ አቋቋሞችን ጽፎ ትቷል። ከእነርሱ አንዱ «በአንድ እግሩ የቆመ ወርቃማ አውራ ዶሮ» ይባላል። እንደ ዶሮ የሚዋጋ ወታደር የለም፤ ስሙ ግን አቋቋሙን በአንድ ጊዜ በዓይነ ኅሊና ይስላል፣ ከትዝታም አይጠፋም። ቺ ጂጓንግ ራሱ የባዶ እጅ ልምምድ ለታላቅ ጦር ሜዳ ያን ያህል እንደማይጠቅም፣ ነገር ግን እጅና እግርን ለማለማመድ መጀመሪያ እንደሆነ ገልጿል።

ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ትረካ ግን ሌላ ነው። ዘንዶ፣ ታይገር፣ ነብር፣ እባብና ረጅም እግር ያለው ወፍ የሻውሊን ገዳም አምስቱ የውጊያ ስልቶች ናቸው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ728 የቆመው የገዳሙ የድንጋይ ጽሑፍ መነኮሳቱ በጦርነት መሳተፋቸውን ይመሰክራል፤ ስለ አራዊት ስልት ግን አንዳች አይልም። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መነኮሳቱ ይበልጥ የታወቁት በዱላ ነበር። የአምስቱ አራዊት ትረካ የተስፋፋው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ በታተሙ መጻሕፍት ነው። ቻይናዊው ተመራማሪ ታንግ ሃው እ.ኤ.አ. በ1930 ባሳተመው ጥናት የሻውሊን ጥበብ ከመነኩሴው ቦዲዳርማ መጣ የሚለውን ልማዳዊ ትረካ ከሰነዶች ጋር አመሳክሮ ውድቅ አድርጓል።

በፉጂያን ግዛት ደግሞ ፋንግ ቺኒያንግ ስለተባለች ሴት ይተረካል። ሽመላ የመሰለ ነጭ ወፍ በዱላ ልታባርር ብትሞክር፣ ወፉ ዱላውን እየሸሸ በመንቁሩ መለሰላት፤ እርሷም ከዚያ ተማረች ይባላል። ትረካው የተፈጸመ ድርጊት ዘገባ መሆኑን ማረጋገጥ አይቻልም። ይሁንና ትምህርቱን በትክክል ያስተላልፋል፦ ጉልበት ያነሰው ሰው ኃይልን በኃይል አይመክትም፤ ሸሽቶ በአመቺ ጊዜ ይመታል።

አሁን ወደ ጎጃም እንመለስ። ለምድ በመሠረቱ የአንበሳ ወይም የነብር ቆዳ ነበር። ከከፋይ ተሰፍቶ በወርቅና በብር ሲያጌጥም እንኳ፣ ጫፉ እንደ አውሬ እግር ወደ ታች እንዲንጠለጠል ሆኖ ይቆረጥ ነበር። እነሆ፣ አውሬው ከጨርቁ ቢለይም ቅርጹ ቀርቷል፤ ዕቃው ራሱ ስለ አመጣጡ ይመሰክራል። የፈረስ ስምም እንዲሁ ነው፦ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት «አባ ጠና»፣ በላይ ዘለቀ «አባ ኮስትር» ሲባሉ ጀግናው በፈረሱ ስም ይጠራል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ በቻይና አውሬው በተርታ የሚጠና የአካል ትምህርት ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ በልብስ፣ በስምና በድምፅ ጸንቶ ኖረ።

ይህን ሁሉ ማለቴ ለሥራችሁ ነው። ከእናንተ ብዙዎቹ ፉከራና ቀረርቶ ከአያቶቻቸው አፍ ለመቅዳት ይወጣሉ። የሰማነውን ትረካ ስላማረን ብቻ ታሪክ ነው ብለን ከጻፍነው ነገ የሚመጣ ተመራማሪ ያፈርሰዋል፤ ከእርሱም ጋር በአያቶቻችን ላይ ያለውን እምነት ያፈርሳል። ማስረጃ የለውም ብለን ከጣልነው ደግሞ ትረካው የተሸከመው ዕውቀት ከተናጋሪው ጋር ይቀበራል። ስለዚህ ሁለቱን ለይታችሁ መዝግቡ፦ በአንድ በኩል የተባለውን፣ ከማን፣ መቼና በምን አጋጣሚ እንደተባለ፤ በሌላ በኩል ልብሱ፣ ዕቃውና ሰነዱ የሚያሳዩትን። አንዱ በሌላው ቦታ እንዳይገባ ተጠንቀቁ፤ ሁለቱም ግን ይጻፉ።