ምራቁ ሳይደርቅ

ደብረ ማርቆስ ልጅ ሆነን ሱቅ ስንላክ በደቂቃ የሚቆጥርልን አልነበረም። እናቴ ጨው ወይም ላምባ ስታስገዛኝ ደጃፉ ላይ ቆማ መሬቱን «እንትፍ!» ትልና «ይህ ሳይደርቅ ተመለስ» ትለኛለች። እበራለሁ። ምራቁን ቆሞ የሚያየው ግን እኔ አልነበርኩም፤ እሷ ነበረች። ደርቆም ካልመጣሁ ጨዉን ከጎረቤት ተበድራ ወጧን ትቀጥላለች። ያ ገደብ ለእኔ ማስፈራሪያ ይመስለኝ ነበር እንጂ ሥራው ለእሷ ነው።

ፕሮግራም መጻፍ ስጀምር ይህንኑ ነገር ታይምአውት ሲሉት ሰማሁ። ስሙን አወቅሁ እንጂ ነገሩን ለመማር አንድ የገበያ ቀን አስፈልጎኛል።

ለአንዲት የግንባታ ዕቃ ነጋዴ የሽያጭ ፕሮግራም ሠርቼላቸው ነበር። ገዢው በስልክ እከፍላለሁ ሲል ፕሮግራሙ አዲስ አበባ ወዳለ የክፍያ ሰርቨር ጥያቄ ይልካል፤ ገዢው በስልኩ የምስጢር ቁጥሩን ያስገባል፤ መልሱ ሲመጣ ደረሰኝ ይታተማል። የጻፍኩት በፓይተን፣ ሪኩዌስትስ በሚባለው ላይብረሪ ነው። ቢሮ ስሞክረው እንከን አልነበረውም። በገበያው ቀን ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ልጄ፣ ይኸ ነገርህ ሞቷል ወይስ እያሰበ ነው?» አሉኝ ባለሱቋ።

ምን ልመልስላቸው? ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አንብቤአለሁ፤ ከእርሳቸው የተሻለ ጥያቄ ግን አላገኘሁም። በኔትወርክ ማዶ ያለ ማሽን ዝም ሲል ይሙት ወይም ይዘግይ ከወዲህ ሆኖ የሚለይበት መንገድ የለም። መሐል ላይ መብራት ጠፍቶ መሣሪያው ቢዘጋ «እኔ ጠፍቻለሁ» የሚል መልእክት የሚልክ ማንም የለም። ሊኑክስ አዲስ ግንኙነት ሲጀምር መልስ ካጣ ከሁለት ደቂቃ በላይ ሞክሮ ይተወዋል። የላከው ነገር መድረሱ ካልተረጋገጠለትም ሩብ ሰዓት ያህል ደጋግሞ ይልካል። ጥያቄው ደርሶ መልሱን ብቻ የሚጠብቅ ከሆነ ግን ካልነገሩት በቀር ማብቂያ የለውም። ሪኩዌስትስም በራሱ ምንም ገደብ አያስቀምጥም። የእኔ ፕሮግራም ያን ቀን ሲጠብቅ ነበር፤ ቢተዉት እስከ ማታ ይጠብቃል። ሰልፉ ግን እስከ በሩ ደርሷል።

ማታውኑ አንድ ቃልና አንድ ቁጥር ጨመርኩ፤ 20 ሴኮንድ። ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

በሳምንቱ አንድ አባት ለቤታቸው ክዳን ቆርቆሮ ሊገዙ መጡ። ጥያቄው ስልካቸው ላይ ደረሰ። እሳቸው መነጽራቸውን ከካፖርታቸው የውስጥ ኪስ አወጡ፤ ጠረጉ፤ አነበቡ፤ ቁጥሩን አንድ በአንድ ነኩ። በዚህ መሐል 20 ሴኮንዱ አለቀና ስክሪኑ «ክፍያው አልተሳካም» አለ። ገንዘብ ተቀባይዋ «አባባ፣ አልሄደም፤ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ» አለቻቸው። ደገሙላት። በማግሥቱ ማለዳ ሁለት የክፍያ መልእክት ይዘው መጡ። አልተቆጡም፤ እንዲያውም «የእኔ ስልክ ተሳስቶ ይሆናል» አሉ። ተቆጥተው ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ታይምአውት «እኔ መጠበቅ አቁሜአለሁ» ማለት ነው፤ እኔ «ነገሩ አልሆነም» ብዬ ተረጎምኩት። የላኩት ልጅ አልተመለሰም ማለት ጨዉን አልገዛም ማለት አይደለም፤ ገዝቶ መንገድ ላይ ብይ ይጫወት ይሆናል። አሁን እያንዳንዱ ሽያጭ የራሱ ቁጥር አለው። ሲደገምም በዚያው ቁጥር ስለሚላክ የክፍያው ወገን ያወቀውን ዳግም አያስከፍልም። ስክሪኑም ሦስተኛ መልስ ተምሯል፦ «ገና አልታወቀም»። ያ ሲወጣ ፕሮግራሙ ራሱ ቆይቶ ውጤቱን ይጠይቃል። ገንዘብ ነክ ፕሮግራም ሆኖ «ተሳካ» እና «አልተሳካም» ብቻ የሚያውቅ ካለ ያልተጨረሰ ሥራ ነው እላለሁ።

በነገራችን ላይ የሪኩዌስትስ ገደብ የጠቅላላው ጉዞ ገደብ አይደለም፤ ምንም ሳይመጣ የሚታለፍ የዝምታ ልክ ነው። ሰርቨሩ በየ19 ሴኮንዱ ጠብ ጠብ ቢያደርግልህ 20 ሴኮንዱ መቼም አይሞላም። ፒኤችፒም እንዲሁ ያታልላል፤ የታወቀው የ30 ሴኮንድ የሥራ ገደቡ በሊኑክስ ላይ የውሂብ ጎታ ጥያቄ የሚፈጀውን ጊዜ አይቆጥርም።

መጠበቅን ማቆምና ሥራውን ማስቆምም አንድ አይደሉም። ጃቫ ድሮ በሥራ ላይ ያለን ክር (ትሬድ) ከውጭ በግድ የሚገድል ትእዛዝ ነበረው፤ በፈረንጆች 1998 በወጣው ቅጽ «አትጠቀሙበት» ተባለ። ምክንያቱ እንጀራ ለሚጋግር ሰው ግልጽ ነው፦ ሊጡን ምጣዱ ላይ ግማሽ ድረስ አዙራ ያፈሰሰችን ሴት ጎትተህ ብታስወጣት ምጣዱ ላይ የቀረው እንጀራም ሊጥም አይደለም። ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ያንን እንደ ሙሉ እንጀራ ያነሣዋል። ጎ የተባለው ቋንቋ የመረጠው መንገድ ይሻለኛል። ከፈረንጆች 2016 ጀምሮ በመደበኛ ላይብረሪው ውስጥ ያለው ኮንቴክስት ማቆሚያውን ሰዓት ከጥሪ ወደ ጥሪ ያሳልፋል፤ ሠራተኛው ራሱ እያየ በሚመቸው ቦታ ያቆማል። እኔ ታናሽ ወንድሜን በምትኬ ብልከው አዲስ ምራቅ አይተፋለትም። እናቴ የተፋችው ለሁለታችንም ያው ነው፤ የቀረው እርጥበት ብቻ ነው የሚደርሰው።

ቁጥሩስ ስንት ይሁን? ብዙዎቻችን 30 እንጽፋለን፣ ስለለመድነው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ ብርሃን በፋይበር ውስጥ ደርሶ ለመመለስ 3 ሚሊሴኮንድ ገደማ ይበቃዋል። የተረፈው ጊዜ የማሽኖችና የሰዎች ነው፣ እሱ ደግሞ ካልተለካ አይታወቅም። አንድ ወር መዘገብኩ፤ ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ መልስ የሚደርስበትን ጊዜ አይቼ ትንሽ ጨመርኩበት። የእኛ አገር ክረምት ምራቅ አያደርቅም፤ የበጋ ልክ ለሐምሌ አይሆንም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ የትኛውም ቁጥር አይሠራም ነበር። እንዲህ ላለው ቀን ፕሮግራሙ ሦስት ጊዜ በተከታታይ መልስ ካጣ ለጊዜው መሞከሩን ትቶ በጥሬ ገንዘብ እንዲሸጥ አድርጌዋለሁ፤ ያለዚያ ለእያንዳንዱ ሚስማር ገዢ ያንኑ ዝምታ ይጠብቃል።

አሁን ገደቡ 90 ሴኮንድ ነው። እኒያ አባት ባለፈው ሚስማር ሊገዙ መጥተው ነበር። መነጽራቸውን ረስተው ስለነበር ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው ይዘው ነካኩ፤ 70 ሴኮንድ ፈጀባቸው።