ስሙ ተቀይሮ የሚሸጥ ርካሽ ቫኪዩም ክሊነር መግዛት ያዋጣል?

በዱባዩ ድራገን ማርት የቤት ዕቃ መደብሮች ውስጥ ጥቂት የተዘዋወረ ሰው አንድ ነገር ማስተዋሉ አይቀርም። በአንዱ ሱቅ ያየው ቫኪዩም ክሊነር በሚቀጥለው ሱቅ በሌላ ስም ተደርድሮ ያገኘዋል። እጀታው፣ የአቧራ መያዣው፣ የማብሪያ ማጥፊያው አቀማመጥ አንድ ነው። የሚለየው ቀለሙና ፊቱ ላይ የታተመው ስም ብቻ ነው። የዋጋ ልዩነቱ ግን አንዳንድ ጊዜ እጥፍ ይደርሳል። ያው ማሽን በናይሮቢ ሉቱሊ ጎዳና ወይም በአዲስ አበባ መርካቶ በሌላ ተጨማሪ ስም ቢቀርብም የሚያስደንቅ አይደለም።

በባሕረ ሰላጤው አገራት ተቀጥራ ለምትሠራና አገሯ ስትገባ ለቤተሰቧ ዕቃ ይዛ ለመሄድ ለምትቆጥብ ሴት፣ ይህ ልዩነት የሳምንታት ልፋት ዋጋ ነው። ርካሹን ገዝታ በስድስት ወር ቢቃጠል ገንዘቧ ባከነ። ውዱን ገዝታ ውስጡ ከርካሹ ጋር አንድ ሆኖ ቢገኝም እንዲሁ። ስለዚህ ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ በካርቶኑ ላይ አልተጻፈም።

አንድ ፋብሪካ፣ ብዙ ስሞች

ከሻንጋይ በስተምዕራብ የምትገኘው የቻይናዋ ሱጆ ከተማ የቫኪዩም ኢንዱስትሪ ዋና ማዕከል ከሆኑት አንዷ ናት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 የተመሠረተው ኪንግክሊን ለረጅም ጊዜ የኖረው ለሌሎች ኩባንያዎች እያመረተ ነው። ዛሬ በራሱ ስም የሚታወቀው ኢኮቫክስም በ1998 ሥራ ሲጀምር ለሌሎች ስሞች ቫኪዩም የሚያመርት ፋብሪካ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፋብሪካው ነድፎ የጨረሳቸውን ሞዴሎች በካታሎግ ያቀርባል። አስመጪው አንዱን ይመርጣል፣ ቀለም ያስቀይራል፣ ስሙን ያሳትማል፣ ካርቶኑን በራሱ ምስል ያስጌጣል። የፕላስቲክ አካሉን ቅርጽ ማውጫ አዲስ ማሠራት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ በመሆኑ ከአንዱ ቅርጽ ማውጫ የወጣ አካል ለብዙ ደንበኞች ይሸጣል። በተለያየ ስም የሚሸጡ ማሽኖች መንትያ የሚመስሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙ ገዢ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ውጫዊ አካሉ አንድ ስለሆነ ውስጡም አንድ ነው ብሎ ይደመድማል። አስመጪው ግን ሲያዝዝ ዋጋም ይደራደራል፤ ዋጋው የሚወርደው ደግሞ ከማይታየው ነገር እየተቀነሰ ነው። የሞተሩ የመዳብ ጥቅል ይቀጥናል፣ ባትሪው ውስጥ ያሉት ሴሎች ቁጥር ይቀንሳል፣ አየር እንዳያሾልክ የሚደረገው ጎማ በርካሽ ይተካል፣ ማጣሪያው ይሳሳል። አስመጪው ጥራት ጠያቂ ከሆነ ደግሞ ከዚያው መስመር የተሻለ ማሽን ሊወጣ ይችላል። በአጭሩ፣ መንትዮቹ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰዋል እንጂ አንድ ዓይነት ልብ ላይኖራቸው ይችላል።

የታወቀውም ስም ኪራይ ሊሆን ይችላል

«እንግዲያው የታወቀውን ስም ልግዛ» የሚል ሰው ስሙ የማን እንደሆነ ሲጠይቅ ይገረማል። ፊሊፕስ የቤት ዕቃ ክፍሉን በ2021 ሂልሃውስ ለተባለ የእስያ ኢንቨስትመንት ድርጅት ሸጧል። ክፍሉ ከ2023 ጀምሮ ቨርሱኒ ተብሎ ይጠራል፤ የፊሊፕስን ስም የሚጠቀመውም ለ15 ዓመት በተሰጠው ፈቃድ ነው። የጃፓኑ ቶሺባ የቤት ዕቃ ንግድ ከ2016 ጀምሮ በአብዛኛው የቻይናው ሚዲያ ኩባንያ ሲሆን የስሙ ፈቃድ 40 ዓመት ይዘልቃል። ዩሬካ የተባለውን አሜሪካዊ የቫኪዩም ስምም ሚዲያ ገዝቶታል።

የሁቨር ታሪክ ከሁሉም ይብሳል። በእንግሊዝ ሕዝቡ ማንኛውንም ቫኪዩም «ሁቨር» እስከማለት የደረሰለት ይህ ስም ዛሬ የሁለት ባለቤቶች ነው። በሰሜን አሜሪካ ከ2007 ጀምሮ የሆንግ ኮንጉ ቴክትሮኒክ ኢንዱስትሪስ ይዞታ ነው። በአውሮፓ ግን በ1995 የጣሊያኑ ካንዲ ገዝቶት፣ ካንዲን ደግሞ በ2019 የቻይናው ሃየር ጠቅልሎታል። ዘመድ ከዋሽንግተን ያመጣው ሁቨርና ከለንደን የመጣው ሁቨር ከስማቸው በቀር አያገናኛቸውም ማለት ነው።

ሩምባ የተባለውን ሮቦት ቫኪዩም በ2002 ለገበያ ያበቃው አሜሪካዊው አይሮቦትም ዕጣው ከዚህ አልራቀም። አማዞን በ2022 በ1.7 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ተስማምቶ ነበር፤ ስምምነቱ በጥር 2024 ፈረሰ። በታኅሣሥ 2025 ኩባንያው የኪሳራ ጥበቃ ሲጠይቅ የሚረከበው ማሽኖቹን የሚያመርትለት የቻይናው ፒሴያ እንደሚሆን ተገለጸ። ቀድሞ ከበስተጀርባ የነበረው አምራች የስሙ ባለቤት የሚሆንበት ዘመን ነው።

«ውጭ አገር የተሠራ» የሚለውም ብቻውን ወቀሳ ሊሆን አይችልም። እንግሊዛዊው ዳይሰን የቫኪዩም ምርቱን ወደ ማሌዥያ ያዛወረው በ2002 ነበር፤ ማሽኖቹ ከዚያ ወዲህም ከውዶቹ ተርታ አልወረዱም።

አንድ ነገር ግን መለየት አለበት። ስም ቀይሮ መሸጥና አስመስሎ መሥራት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሕጋዊ ንግድ ነው። በኬንያ በየሱፐርማርኬቱ የሚታዩት ራምተንስ፣ ቮን እና ሚካ የአገር ውስጥ ነጋዴዎች ስሞች ናቸው፤ ስሙ የአገሬው ሆኖ ዕቃው በአብዛኛው ውጭ ይመረታል፣ ገዢውም ሲበላሽበት የሚሄድበት ደጃፍ ያውቃል። ሁለተኛው የሌላውን ስም ሰርቆ መለጠፍ ነው፤ ኬንያ በ2008 የወጣ ሕግ አላት ይህንኑ የሚከለክል። ፎርጅድ ዕቃ ላይ ስሙም ቁጥሩም ውሸት ሊሆን ስለሚችል ከዚህ በታች የተባለው ሁሉ አይሠራለትም።

ካርቶኑ ላይ ያለው ትልቅ ቁጥር

ርካሽ ቫኪዩሞች ካርቶን ላይ ጎልቶ የሚጻፈው ዋት ነው፤ 2000፣ 2400። ይህ ግን ማሽኑ ከሶኬት የሚወስደው ኤሌክትሪክ ነው እንጂ የሚስበው አቧራ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ከመስከረም 2014 ጀምሮ ከ1600 ዋት በላይ የሆኑ የቤት ቫኪዩሞች በገበያው እንዳይቀርቡ ከልክሎ፣ በመስከረም 2017 ጣሪያውን ወደ 900 ዋት አውርዶታል። የአውሮፓ ቤቶች በዚህ ምክንያት በአቧራ አልተሞሉም። አምራቾቹ የአየር መንገዱንና የመጥረጊያ አፉን አሻሽለው በግማሽ ኃይል ያንኑ ሥራ ማሠራት ቻሉ። ስለዚህ 2400 ዋት የሚል ጽሑፍ የጉልበት ሳይሆን የመብራት ክፍያ ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል።

ገመድ አልባዎቹ ላይ ደግሞ በፓስካል የሚለካ ቁጥር ይጻፋል፤ 20,000፣ 30,000። ይህ ግፊት ብዙውን ጊዜ የሚለካው የቱቦው አፍ ሙሉ በሙሉ ተደፍኖ ነው። አፉ ሲደፈን አየር አይንቀሳቀስም፤ አየር ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ አቧራ አይነሣም። ምንጣፍ የሚያጸዳው ግፊቱና የአየሩ ፍሰት አብረው ሲኖሩ ነው። ሁለቱ ተባዝተው የሚሰጡት ቁጥር፣ በእንግሊዝኛ ኤር ዋት የሚባለው፣ ከተጻፈ የሚታመነው እሱ ነው። በርካሾቹ ላይ ግን ብዙም አይጻፍም።

ባትሪውም ላይ ተመሳሳይ ጨዋታ አለ። አንድ የሊትየም ሴል በተለመደው መጠኑ 3.6 ቮልት፣ ሙሉ ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው። «25.2 ቮልት» የሚል ባትሪ ሰባት ሴል ሊኖረው ይችላል፤ በሙሉ ሙሌት የተሰላ ከሆነ ግን ስድስት ብቻ ነው። ስድስት ሴሎች በ2.5 አምፔር ሰዓት ሲሰሉ 54 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛሉ። ሞተሩ በከፍተኛው ጉልበት 200 ዋት የሚበላ ቢሆን ባትሪው የሚቆየው 16 ደቂቃ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው «40 ደቂቃ» በዝቅተኛው ጉልበት የተቆጠረ ነው፤ በዚያ ጉልበት ደግሞ የተረገጠ ምንጣፍ አይጸዳም።

አምስት መቶ ሰዓት

ያው የአውሮፓ ደንብ ከ2017 ጀምሮ ስለ ዕድሜም ይናገራል፤ ሞተሩ ቢያንስ 500 ሰዓት መሥራት፣ ቱቦው ደግሞ 40,000 ጊዜ ሲታጠፍ መቋቋም አለበት። ይህ መለኪያ ለገዢው ከማንኛውም ስም የበለጠ ይነግረዋል።

በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ግማሽ ሰዓት የሚያጸዳ ቤተሰብ በዓመት 52 ሰዓት ይጠቀማል። 500 ሰዓት ለእርሱ ዘጠኝ ዓመት ከመንፈቅ ነው። እንዲያውም 250 ሰዓት ብቻ የሚቆይ ርካሽ ማሽን ወደ አምስት ዓመት ያገለግለዋል፤ ግማሽ ዋጋ ከከፈለበት አልከሰረም። በቀን ሦስት ሰዓት ለምትሠራ የጽዳት ባለሙያ ወይም ለእንግዳ ማረፊያ ግን 500 ሰዓት የሚያልቀው ስድስት ወር ሳይሞላ ነው፤ ርካሹ ሦስት ወርም አይዘልቅ። አንዱ ጎረቤት «ድንቅ ነው» ሲል ሌላው «ዕቃም አይደለ» የሚልበት ማሽን አንድና ያው ሊሆን የሚችለው ለዚህ ነው።

በምሥራቅ አፍሪካ ግን ሞተሩን የሚገድለው ብዙ ጊዜ ሰዓቱ ሳይሆን አቧራው ነው። በበጋ ወራት በአዲስ አበባም ሆነ በጅቡቲ መስኮት አልፎ የሚገባው አቧራ እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው። ማጣሪያውን ቶሎ ይደፍነዋል። በአብዛኞቹ የቤት ቫኪዩሞች ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የሚስበው አየር ራሱ በመሆኑ፣ ማጣሪያው ሲደፈን ሞተሩ ይግላል፣ የፕላስቲክ ሽታ ይመጣል፣ ከዚያ ዝም ይላል። የብዙ ርካሽ ማሽኖች «ተቃጠለ» ታሪክ የሚጀምረው ባልተቀየረ ማጣሪያ ነው።

ስለዚህ ወሳኙ ጥያቄ ማሽኑ ስንት ነው የሚለው ብቻ አይደለም፤ ማጣሪያው የት ይገኛል የሚለው ጭምር ነው። ስሙ ከአንድ ዓመት በኋላ ከገበያ የሚጠፋ ዕቃ ማጣሪያውም አብሮት ይጠፋል። ለምሳሌ ያህል 6,000 የኬንያ ሽልንግ የወጣበት ማሽን ማጣሪያ ጠፍቶለት በሁለት ዓመት ቢጣል በዓመት 3,000 ሽልንግ አስወጣ ማለት ነው። መለዋወጫ እየተገኘለት ስምንት ዓመት የሠራ የ20,000 ሽልንግ ማሽን ዓመታዊ ወጪው 2,500 ነው፤ ማጣሪያው ሲታከልበት ሁለቱ ይቀራረባሉ። በሌላ በኩል የ6,000ው ማሽን ማጣሪያ ቢገኝለትና አምስት ዓመት ቢሄድ ውዱን በሰፊው ይበልጠዋል።

ከዚህ አንጻር ሲታይ ስሙ የተቀየረ ርካሽ ቫኪዩም የሚያዋጣው ገመድ ያለው፣ አሠራሩ ቀላል፣ ከረጢቱ ታጥቦ የሚመለስ ሲሆን ነው። እንዲህ ያለውን የሠፈር ኤሌክትሪሻን ፈትቶ የሞተሩን ካርቦን መቀየር ይችላል። ገመድ አልባውና ሮቦቱ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። ባትሪያቸው ከጥቂት መቶ ሙሌት በኋላ ይደክማል፤ ቅርጹም ከአንዱ ሞዴል ወደ ሌላው አይገጥምም። ተተኪ ባትሪ የማይገኝለት ገመድ አልባ፣ ርካሽ ቢሆንም ውድ ነው።

ሻንጣ ውስጥ ለሚገባው

ከውጭ ለሚያመጣ ሰው ጥቂት ነገሮች ይጨመራሉ። ዋስትናው አብዛኛውን ጊዜ ከተሸጠበት አገር ድንበር አያልፍም። የአሜሪካ ገመድ ያለው ቫኪዩም በ120 ቮልት ስለሚሠራ ኢትዮጵያ ውስጥ በ220 ሶኬት ላይ ሲሰካ ይቃጠላል፤ ከ1000 ዋት በላይ ለሚወስድ ማሽን የሚበቃ ትራንስፎርመር ደግሞ ከባድም ውድም ነው። የገመድ አልባው ቻርጀር ግን 100–240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ካለበት የሶኬት መለወጫ ብቻ ይበቃዋል። ከዱባይ የሚመጣው በቮልት ችግር የለበትም፤ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ሶኬቱ ለናይሮቢ እንዳለ ይሆናል፣ ለአዲስ አበባ ግን መለወጫ ይፈልጋል።

ትርፍ የሊትየም ባትሪ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም፤ በእጅ ሻንጣ ነው የሚያዘው፣ ከ100 ዋት ሰዓት በላይ ከሆነም የአየር መንገዱ ፈቃድ ያስፈልገዋል። መጠኑ ያልተጻፈበት ባትሪ ፍተሻ ላይ ሊያስቆም ይችላል፤ ርካሾቹ ባትሪዎች ላይ ደግሞ ይህ ጽሑፍ አንዳንዴ አይገኝም። ማጣሪያ ግን ማንም አይከለክልም። የሚመዝነው ጥቂት ግራም ብቻ ስለሆነ፣ ማሽኑ በተገዛበት ቀን ከዚያው ሱቅ ሦስት አራት ማጣሪያ ገዝቶ በካርቶኑ ውስጥ ማሸግ ይቻላል። ሻጩ «ማጣሪያ ለብቻው የለንም» ካለ፣ ገንዘቡ ገና ኪስ ውስጥ ነው።