ስለ ጥጃ ተቅማጥና በአንጀት ላይ ስለሚጣበቀው ባክቴሪያ

ላም ወልዳ ጥጃው በሦስተኛው ቀን ሲሞትባት ጉዳቱ የአንድ ጥጃ ብቻ አይደለም። የአገራችን ላም ጥጃዋን አጠገቧ ካላየች ወተቷን ስለምትከለክል ባለቤቱ የዚያን ጊዜ ወተት ያጣል፤ ጥጃው ወንድ የሆነ እንደ ሆነም ወደ ፊት የሚጠመደው በሬ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ አገር የሚያስተዳድሩ ሹማምንትና ብዙ ከብት ያላቸው ሰዎች የዚህን ሞት ምክንያት ጠንቅቀው ሊያውቁት ይገባል።

በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀኖች ለሚመጣው ተቅማጥ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ኢሺሪኪያ ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ይህንንም እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1885 ዓመት የገለጸው ቴዎዶር ኤሽሪሽ የተባለ የሕፃናት ሐኪም ነው። አብዛኛው ዘሩ በሰውና በከብት አንጀት ውስጥ ያለ ጉዳት ይኖራል። ጥጃ የሚገድለው ዘር ከሌላው የሚለየው በሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም በሚጣበቅበት ፀጉርና በሚያወጣው መርዝ ነው።

አንጀት ዘወትር ይላወሳል፤ በውስጡ ያለውም ወደ ታች ይገፋል። ስለዚህ የሚይዘው ያጣ ባክቴሪያ ከእበቱ ጋራ ተጠርጎ ይወጣል። ይህኛው ግን በገላው ዙሪያ ፊምብሪያ የሚባሉ እጅግ ረቂቅ ፀጉሮች አሉት፤ በጥጃ ላይ የታወቀው ዐይነት ኬ 99 ይባላል። ፀጉሩም በአንጀቱ ሕዋስ ላይ ካለው ከስኳር ወገን ከሆነ መያዣ ጋራ፥ ዛቢያ በመጥረቢያ ቀዳዳ እንደሚገጥም ይገጥማል። ይህ መያዣ አሁን በተወለደ ጥጃ ላይ ብዙ ነው፤ ጥጃው ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ግን እየቀነሰ ይሄዳል። ሳምንት ካለፈው በኋላ የሚመጣው ተቅማጥ አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ተውሳክ ስለ ሆነ ለብቻው መመርመር አለበት።

እሪያ በአገራችን እምብዛም የማይረባ ቢሆንም ከርሱ የተገኘው ትምህርት የሚጠቅም ነው። በ1975 (እንደ አውሮጳ አቆጣጠር) በእንግሊዝ አገር የተመራመሩ ሊቃውንት፥ አንዳንዱ እሪያ መያዣውን ከወላጆቹ ሳይወርስ እንደሚወለድና ኬ 88 የተባለው ባክቴሪያ ሊጣበቅበት ስለማይችል ከበሽታው እንደሚድን አስረዱ። ባክቴሪያውን ውጦትም እንኳ አይታመምም።

ባክቴሪያው ከተጣበቀ በኋላ እዚያው እየተራባ የአንጀቱን ገጽ እንደ ምንጣፍ ያለብሳል። መርዙም ሕዋሱን ሳያፈርስ ውሃና ጨው ወደ ውጭ እንዲያፈስ ያስገድደዋል። ጥጃው ዐይኑ የሚጎደጉደውና የሚወድቀው የገላው ውሃ ስላለቀ ነው።

ይኸው ባክቴሪያ በማለቢያና በቅል ላይም ይጣበቃል። በዚያም ከራሱ የሚያወጣውን ሙጫ የመሰለ ነገር ለብሶ ይደራረባል፤ ይህም ባዮፊልም ይባላል። ልባሱ መድኃኒትን ስለሚከላከል ዕቃውን በውሃ ማለቅለቅ ብቻ አይበቃም፤ አጥብቆ መፈግፈግ፥ በፈላ ውሃ መታጠብና በፀሐይ መድረቅ ያስፈልገዋል። በወይራ ማጠን የተመሰገነ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ያልተፈገፈገ ዕቃ ቢታጠን ልባሱ ከሥር ይቀራል። መጣበቅ ሁሉ ክፉ ነው ለማለት አይደለም፤ በላም ጨጓራ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ሣሩን የሚያልሙት በላዩ ተጣብቀው ነው።

አሁን ወደ መከላከያው እንመለስ። ጥጃ በእናቱ ማሕፀን ሳለ የበሽታ መከላከያ አይተላለፍለትም፤ የሚያገኘው ከእንገር ነው። በእንገር ያለው መከላከያ የባክቴሪያውን ፀጉር ስለሚይዝ አንጀቱን እንዳይጨብጥ ያደርገዋል። መከላከያው ወደ ደሙ የሚገባበት በር ግን በተወለደ በ24 ሰዓት ገደማ ይዘጋል። ስለዚህ 25 ኪሎ የሚመዝን ጥጃ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓቶች ውስጥ 2 ሊትር ተኩል ያህል ሊጠባ ይገባዋል። እንገሩን አስቀድሞ ለቤተ ሰብ ማለብ በአንዳንድ ቤት የተለመደ ነው፤ ሹማምንት ሊያስተዉት የሚገባው ልማድ ይህ ነው። የእንስሳት ሐኪም በሚገኝበት ወረዳ ደግሞ ላሟ ከመውለዷ ጥቂት ሳምንታት በፊት ብትከተብ እንገሯ ይህን መከላከያ በብዛት ይይዛል።

በሽታው ከጀመረ ግን ሕዋሱ ስላልፈረሰ ጨውና ግሉኮስ በአንድነት ሲሰጡት ውሃውን መልሶ ይመጥጣል። ለዚሁ የተዘጋጀውን ዱቄት በንጹሕና ለብ ባለ ውሃ በጥብጦ በቀን ደጋግሞ ማጠጣት ነው፤ ወተቱም አይከልከል። የታመመው ጥጃ ለብቻው ይታሰር፤ እረኛውም ጤነኞቹን አስቀድሞ አጥብቶ በመጨረሻ ወደርሱ ይሂድ።