ድምፁ የት ቀረ?

በዛሬው ዘመን ትምህርት በዓይን ብቻ የሚነበብ አይደለም። የተቀረጸ ሌክቸር፣ የውጭ አገር ቋንቋ የማዳመጥ ልምምድ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ የተሰበሰበ ቃለ መጠይቅ፣ ይህ ሁሉ በላፕቶፕ ይሰማል። ዶርም ውስጥ ደግሞ አንዱ ሲያጠና ሌላው ይተኛልና የጆሮ ማዳመጫ ለተማሪ ቅንጦት ሳይሆን የአብሮ መኖር ደንብ ነው። እንግዲህ ጃኩ ተሰክቶ ድምፅ ሲጠፋ ብዙዎቻችን ወዲያው ‹‹ተበላሸ›› ብለን እንፈርድና ላፕቶፑን ተሸክመን ወደ ጠጋኝ እንሮጣለን። ሳይከፈት ሊድን ለሚችል ነገር የወር የኪስ ገንዘብ ማውጣት፣ አበው ‹‹ሳይቸግር ጤፍ ብድር›› ያሉት ዓይነት ነው።

የዚህን ነገር ምክንያት ለማግኘት የኤሌክትሪክ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ድምፁ የሚሄድበትን መንገድ ማወቅና መንገዱን በየክፍሉ መፈተሽ ነው። ድምፁ መጀመሪያ በፕሮግራሙና በዊንዶውስ ትእዛዝ ይመራል፤ ቀጥሎ የድምፅ ቺፑ ቁጥሩን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ይለውጠዋል፤ ከዚያ በቀዳዳው በኩል ይወጣል፤ በመጨረሻ በማዳመጫው ሽቦ ወደ ጆሮ ይደርሳል። ጥያቄው ከነዚህ ከ4ቱ በየትኛው ላይ ቆመ የሚለው ነው።

በመጀመሪያ ቀላሉ ፈተና ይደረግ። ማዳመጫው ቀዳዳ ባለው ስልክ ላይ ይሰካ፤ እዚያም ዝም ካለ ጥፋቱ የማዳመጫው ነው፤ ላፕቶፑ ነጻ ወጣ። በስልኩ ላይ ከተናገረ ደግሞ ሌላ ደኅና ማዳመጫ ተለምኖ በላፕቶፑ ላይ ይሞከር። ሁለተኛውም ዝም ካለ ምርመራው ወደ ላፕቶፑ ይዛወራል።

በላፕቶፑ ቀዳዳ ውስጥ ጃኩ ሲገባ የሚገፋት፣ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የምትሠራ ትንሽ ምላስ አለች። ‹‹ማዳመጫ ገብቷል›› ብላ የምታስታውቀው እርስዋ ናት፤ ያን ጊዜ ስፒከሩ ዝም ይልና ድምፁ ወደ ማዳመጫው ይዞራል። ስለዚህ ስፒከሩ ጥሩ ምስክር ነው። ጃኩ ገብቶ ሳለ ስፒከሩ መጮኹን ካላቆመ፣ ላፕቶፑ የማዳመጫውን መግባት አላወቀም ማለት ነው፤ ቆሻሻ፣ በደንብ ያልገባ ጃክ ወይም ድራይቨር ይጠርጠር። ስፒከሩም ማዳመጫውም ዝም ካሉ፣ መግባቱን አውቋልና በቅድሚያ የድምፁ መጠን ይታይ። ጃኩ ተነቅሎም ስፒከሩ ካልተመለሰ ምላሷ ተይዛ ቀርታ ይሆናል።

የድምፁን መጠን ስናይ አንድ ነገር አንርሳ፤ ዊንዶውስ የስፒከሩንና የማዳመጫውን መጠን ለየብቻ ይይዛል። ስፒከሩ ከፍ ብሎ ሳለ ማዳመጫው ዜሮ ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጃኩ እንደተሰካ በማሳያው ቀኝ ግርጌ ያለችው የድምፅ ምልክት ትጫንና ድምፅ የሚወጣባቸው መሣሪያዎች ዝርዝር ይታይ። ትናንት በብሉቱዝ የተያያዘ ስፒከር ወይም በኤችዲኤምአይ የተገናኘ ቴሌቪዥን ተመርጦ ከሆነ ድምፁ የሚሄደው ወደዚያ ነው። አንዳንድ ጊዜም ሌላው ሁሉ ደኅና ሆኖ የታፈነው አንዱ ፕሮግራም ብቻ ነው።

ቀጥሎ ቀዳዳው ይታይ። ላፕቶፕ ከዳቦና ከቆሎ ጋር በአንድ ቦርሳ ስለሚጓዝ ፍርፋሪና የጨርቅ ብናኝ በቀዳዳው ይጠራቀማል፤ ያን ጊዜ ጃኩ የገባ ይመስላል እንጂ እስከ መጨረሻው አይደርስም። ላፕቶፑ ይጥፋ፤ ከቻርጀሩም ይነቀል፤ በስልክ መብራት እየታየ በቀጭን የእንጨት ስንጥር በቀስታ ይጠረግ። የብረት መርፌ የውስጡን ምላስ ያጣምማል፤ በአፍ እፍ ማለትም እርጥበት ያስገባል።

ሌላው የጃኩ ዓይነት ነው። የተለመደው ጃክ ውፍረቱ 3.5 ሚሊ ሜትር ነው። ማይክሮፎን የሌለው 3 ክፍሎች አሉት፤ ጫፉ ለግራ ጆሮ፣ መካከለኛው ለቀኝ ጆሮ፣ የመጨረሻው ለመመለሻው መስመር። የስልክ ማዳመጫ ግን ማይክሮፎን ስላለው 4 ክፍሎች አሉት፤ የማይክሮፎኑና የመመለሻው ቦታ በሁሉም ሥሪት አንድ አይደለም። ሳይስማሙ ሲቀሩ የተናጋሪው ድምፅ ከጕድጓድ እንደሚመጣ ሆኖ ይደክማል። የማይክሮፎኑ ቍልፍ ሲጫን ድምፁ ከተስተካከለ ምክንያቱ ይህ ለመሆኑ ምልክት ነው፤ መድኃኒቱም ማገናኛ ነው እንጂ ጥገና አይደለም።

ይህ ሁሉ ካልረዳ ላፕቶፑ ጠፍቶ ይነሣ። ከዚያም በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የድምፁ መሣሪያ ተነቅሎ እንደ ገና ይጀመር፤ ዊንዶውስ መልሶ ይተክለዋል። ድራይቨሩን ጭራሽ ለማጥፋት የሚጠይቀው ሣጥን ግን አይነካ።

በመጨረሻ ቀዳዳው በእውነት ተሰብሮ ቢገኝም ተስፋ መቍረጥ አይገባም። በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የድምፅ ማገናኛ የራሱ ቺፕ ስላለው ቀዳዳውንም የላፕቶፑንም የድምፅ ቺፕ ሳይፈልግ ይሠራል። ጥገና ከተመረጠም ቀዳዳው በአንዳንዱ ላፕቶፕ በዋናው ቦርድ ላይ የተበየደ፣ በሌላው በትንሽ የተለየ ቦርድ ላይ ያለ ነውና፣ ሥራውም ዋጋውም ይለያያልና አስቀድሞ ይጠየቅ። ወደ ጠጋኝ ሄዶ ‹‹አይሠራም›› ብቻ የሚል ሰው የተነገረውን ዋጋ ይከፍላል። ‹‹በሁለት ማዳመጫ ሞክሬአለሁ፣ ቀዳዳውን ጠርጌአለሁ፣ ስፒከሩ ግን አልጠፋም›› የሚል ግን የቱ ክፍል እንዲታይለት ያውቃል፤ ሌላ ነገር ተለወጠ ቢባልም ለምን ብሎ ይጠይቃል። መርምሮ መፍረድ በክፍል ውስጥ የምንማረው ነገር ከሆነ፣ በኪሳችን ላይም ይሥራ።